ሆሊ 600 ካርቡራተር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ፦ ለሰባዎቹ የአሜሪካ ቪ8 ባለቤቶች

ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያልፍ ያየ ሁሉ «ሞተሩ አልቆለታል» ብሎ ይፈርዳል። ጭሱ ሰማያዊ ቢሆን ፍርዱ ልክ ነበር፤ ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ ግን የተትረፈረፈ ቤንዚን ነው፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ከላዩ በተቀመጠው፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ነው። ያ ካርቡራተር ላይበላሽም ይችላል። የተመጠነው ለባሕር ጠረፍ አየር ስለሆነ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ያ ብቻ ነው።

እዚህ የሚገመገመው የአሜሪካው ሆሊ ኩባንያ 600 ካርቡራተር ነው፤ 600ው በደቂቃ የሚያሳልፈው የአየር መጠን በኩቢክ ጫማ (ሲ ኤፍ ኤም) ነው። በካታሎግ ቁጥሩ 1850 በእጅ የሚሳብ ቾክ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየር የሚቀንስ ክዳን) ያለው ነው፣ 80457 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቾክ ያለው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ከ5 እስከ 6 ሊትር ተኩል ለሆነ የሰባዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ8 አዲስ አበባ ውስጥ ከሚገጠሙት ካርቡራተሮች የምንመርጠው ይህን ነው። ነገር ግን ከካርቶኑ እንደወጣ የሚገጥመው ሰው ገንዘቡን አባክኗል። የፊት ጄቱ (ቤንዚን የሚመጥነው ቀዳዳ)፣ ፓወር ቫልቩ (ሞተሩ ሲጫን ቤንዚን የሚጨምረው)፣ የኋላ ጉሮሮዎች (አየር የሚያልፍባቸው ቱቦዎች) ሞላና የሙቀት መከላከያው ካልተለወጡ ወይም ካልተጨመሩ፣ አዲሱ ካርቡራተር ከአሮጌው ብሶ ያጨሳል።

ነገሩ የሚያሳስበው በቤንዚን ወጪው ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ እዚህ ያለው ቪ8 እዚሁ ካልተጠበቀ ምትክ የለውም። አሜሪካኖች የአንድን መኪና ብርቅነት በተመረተበት ቁጥር ይለካሉ፤ የ1970ው (እ.ኤ.አ.) ቡይክ ጂ ኤስ ኤክስ 678 ብቻ ተሠራ፣ ሄሚ ሞተር ያለው የ1971 ተከፋች ጣሪያ ፕሊመዝ ኩዳ ደግሞ 11 ብቻ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ተራው 350 ሸቭሮሌም፣ 318 ዶጅም፣ 302 ፎርድም (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኩቢክ ኢንች ነው) ብርቅ ነው። የበዛ ቤንዚን ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ያወርዳል፣ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ያቀጥነዋል፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይበላል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ነው።

ቁጥሮቹን እንያቸው። መሐል አዲስ አበባ፣ ከመስቀል አደባባይ እስከ አራት ኪሎና ፒያሳ ድረስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ላይ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 29.9 ኢንች ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 22.4 ይወርዳል። አየሩም በክብደት ከባሕር ጠረፉ 78 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ካርቡራተር አየርን በመጠኑ እንጂ በክብደቱ አይለካም። አየሩ ሲሳሳ በጄት በኩል የሚሳበው ቤንዚን ይቀንሳል፣ ግን አየሩ በቀነሰው ልክ አይቀንስም፤ በአየሩ ክብደት ስኩዌር ሩት ልክ ነው የሚቀንሰው። የ0.78 ስኩዌር ሩት 0.88 ነው። ስለዚህ ምንም ያልተነካ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ከሚገባው 13 በመቶ ያህል የበለጠ ቤንዚን ይሰጣል። ጥቁሩ ጭስ ይህ 13 በመቶ ነው።

አንድ የተሳሳተ እምነት እዚህ ላይ ይታረም። «አየሩ ስስ ስለሆነ ትልቅ ካርቡራተር ያስፈልገዋል» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ሲሊንደሩ የሚስበው የአየር መጠን ከፍታ ላይም ያው ነው፣ ክብደቱ ብቻ ነው የቀነሰው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የሞተሩን ኩቢክ ኢንች በከፍተኛው ዙር ያባዛሉ፣ ለ3,456 ያካፍላሉ፣ ከዚያ የሞተሩን የመሙላት አቅም ለመገመት በ0.85 ያባዛሉ። 350 ሞተር በ5,500 ዙር 473 ሲ ኤፍ ኤም ይፈልጋል፣ ስለዚህ 600 ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም። 454 ሞተር ግን በዚያው ዙር 614 ስለሚፈልግ ለእሱ ይህ ካርቡራተር ያንሳል። ለ318 ወይም ለ302 ሞተር 750 የሚገጥም ሰው ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆሞ ሲነሳ የሚንተፋተፍ መኪና ነው የሚያገኘው። በትልቁ ጉሮሮ የሚያልፈው አየር ፍጥነቱ ስለሚወርድ ቤንዚኑን በደንብ አይስብም።

ጄቱ

1850 ሲገዛ የፊት ሁለቱ ጉሮሮዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 66 ጄት አለው። ጄት መሐሉ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ነው፣ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተቀርጿል፤ ሳያነቡ አይለውጡት። የተለመደው ደንብ «በየ2,000 ጫማ ከፍታ አንድ ቁጥር ዝቅ» ይላል። 2,400 ሜትር 7,900 ጫማ ገደማ ስለሆነ ደንቡ ወደ ቁጥር 62 ያወርደናል። የቀዳዳውን ስፋት ያሰላ ሰው ግን ሌላ ውጤት ላይ ይደርሳል። የ66 ቀዳዳ 0.066 ኢንች፣ የ63 ደግሞ 0.062 ኢንች ነው፤ የስፋት ልዩነታቸው 12 በመቶ፣ ማለትም ልክ የሚያስፈልገን ነው። 62 ቀዳዳው 0.061 ስለሆነ 15 በመቶ ይቀንሳል።

ምክራችን ይህ ነው፦ መኪናው ከከተማ ወጥቶ ወደ አዳማ ወይም ወደ አዋሽ የሚወርድ ከሆነ 63፣ መሐል ከተማና ወደ ሽሮ ሜዳና እንጦጦ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ 62። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ስለሚወፍር ለአዲስ አበባ የተመጠነ 62 እዚያ ቤንዚን ያሳንሳል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ጭስ አያወጣም፣ ድምፁም ያማረ ይመስላል፣ ግን ቫልቭና ፒስተን ያቃጥላል። ከሁለቱ ስህተቶች የከፋው እሱ ስለሆነ ሲጠራጠሩ ወደ 63 ያድሉ።

አፈታቱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ባትሪው ይነቀል፣ ከፊት ቋቱ (ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ሳጥን) ሥር ጨርቅ ይነጠፍ፣ ምክንያቱም ቋቱ ሲፈታ ያለውን ቤንዚን በሙሉ ማኒፎልዱ (ድብልቁን ለሲሊንደሮች የሚያከፋፍለው ቱቦ) ላይ ያፈሰዋል። አራቱ የቋት ብሎኖች 5/16 ኢንች ናቸው፤ የ8 ሚሊሜትር ቁልፍ በደንብ ይይዛቸዋል። ቋቱና ሜተሪንግ ብሎክ የሚባለው የብረት ቁራጭ አብረው ይወጣሉ። ጄቶቹ ብሎኩ ላይ ከታች፣ በቋቱ በኩል ናቸው፤ አፉ ሰፊ በሆነ ካቻቢቴ ይፈታሉ። አፉ ጠባብ የሆነ ካቻቢቴ የነሐሱን ጫፍ ይበላና የቀዳዳውን አፍ ያበላሻል። እንዲህ የተበላሸ ጄት ቁጥሩ 63 ቢልም 63 አይሰጥም። ጄትን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በመሰርሰሪያ እንደገና የመብሳት ልማድም አለ፤ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። የፋብሪካው ጄት የሚመዘነው በቀዳዳው ብቻ ሳይሆን በአፉና በመውጫው ቅርጽ ጭምር ነው፤ በእጅ የተበሳው ጄት ሁለቱን ጉሮሮዎች እኩል አያጠጣም።

ሲመለስ ብሎኖቹ ተራ በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጥበቁ። ቢያልብ «ላጥብቀው» ማለት ትልቁ ስህተት ነው፣ ብሎኩ ይጣመማልና ከዚያ በኋላ የትኛውም ጓርኒሲዮን (በመካከል የሚገባው መዝጊያ) አይዘጋውም። ጥቁሩ ጓርኒሲዮን አንዴ ከተፈታ ተቀዶ ይቀራል። ሰማያዊውና የማይጣበቀው ዓይነት ግን ደጋግሞ ያገለግላል፤ ጄት ለመምረጥ ሦስትና አራት ጊዜ ስለሚፈታ ከመጀመሪያው ሰማያዊውን ይግዙ።

ፓወር ቫልቩ

ጄት ለውጠው አሁንም የሚያጨስባቸው ሰዎች የረሱት ይህን ነው። ፓወር ቫልቭ የማኒፎልዱ ቫኪዩም (ሞተሩ የሚስብበት ኃይል፣ በኢንች ሜርኩሪ የሚለካ) ሲወርድ፣ ማለትም ሞተሩ ሲጫን፣ ተጨማሪ ቤንዚን የሚከፍት ትንሽ በር ነው። ከፋብሪካው የሚመጣው 6.5 ነው፤ ቫኪዩሙ ከ6.5 ኢንች በታች ሲሆን ይከፈታል። ባሕር ጠረፍ ላይ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) 18 ኢንች የሚያሳይ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 11 አካባቢ ያሳያል፤ የውጭው አየር ራሱ 7 ኢንች ከፍ ያለ ግፊት አጥቷልና። ጌጁን ያየ ሰው ቫልቭ የሚያሳልፍ ወይም ፋሻ ያለቀበት ሞተር ሊመስለው ይችላል። በዚህ ንባብ ብቻ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን የላይ ክዳን) ማውረድ ከንቱ ድካም ነው።

ቫኪዩሙ ከ12 ኢንች በታች ከሆነ ደንቡ ቀላል ነው፦ የሚኒሞውን ንባብ ለሁለት ማካፈልና ከውጤቱ ወረድ ያለውን ቅርብ ቁጥር መግጠም። 11 ለሁለት 5.5 ነው፤ 5.5 ወይም 4.5 ይገጠማል። ፋብሪካው የገጠመው 6.5 ከቀረ፣ ለስላሳ ዳገት ላይ፣ ቸርችል ጎዳናን በ40 ኪሎሜትር ሲወጡ እንኳ፣ ቫልቩ ተከፍቶ ይቀራል። መኪናው መንገዱን በሙሉ ሙሉ ጭነት ላይ ያለ ያህል ይጠጣል።

ቫልቩ 1 ኢንች ቁልፍ ይፈልጋል፤ እዚህ የሚገኘው 25 አይገባም፣ 26 ይላላል፣ ስለዚህ ጥሩ ተስተካካይ ቁልፍ ይያዙ። ሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ሞተሩ በካርቡራተሩ በኩል ወደ ላይ ሲተኩስ የቫልቩን ዲያፍራም ይቀደዋል የሚባለው ለአሮጌዎቹ እውነት ነው፣ ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ግን መከላከያ አላቸው። የተቀደደ ቫልቭ ምልክቱ ሚኒሞ ላይ የሚያጨስና የሚኒሞ ብሎኖቹን ሙሉ በሙሉ ዘግተውም የማይጠፋ ሞተር ነው።

ሚኒሞና የቤንዚን ከፍታ

መጀመሪያ የቋቱን የቤንዚን ከፍታ ያስተካክሉ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ በሱ ላይ ይመሠረታል። በቋቱ ጎን ያለችው ትንሽ ብሎን ስትፈታ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ፣ ቤንዚኑ የቀዳዳውን የታች ከንፈር ብቻ መንካት አለበት። ካለፈ፣ ከቋቱ አናት ያለውን መቆለፊያ ብሎን በካቻቢቴ ያላሉ፣ ሥሩ ያለውን 5/8 ኢንች ዳዶ (16 ሚሊሜትር ቁልፍ ልኩ ነው) በሰዓት አቅጣጫ ከዙር አንድ ስድስተኛ ያህል ያዙሩ፤ ተንሳፋፊው ይወርዳል። ከመፈታቱ በፊት ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከአካባቢው ይራቅ። የቤንዚን ፓምፑ ግፊት ከ7 ፒ ኤስ አይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ካለፈ ወደ ቋቱ የሚገባውን ቤንዚን የሚዘጋው መርፌ አይይዝም፣ ተንሳፋፊውን የፈለጉትን ያህል ቢያስተካክሉም ቋቱ ይሞላል። ከ5 እስከ 6 ጥሩ ነው።

ከዚያ ሁለቱ የሚኒሞ ብሎኖች። እስኪነኩ ድረስ ብቻ ቀስ ብለው ይዝጉ፣ ቢያጠብቁ የመርፌዋ ጫፍ ይጎዳል፤ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ዙር ተኩል ይክፈቱ። አዲስ አበባ ላይ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዙር እስከ አንድ ዙር ከሩብ ላይ ነው የሚያርፉት። የቫኪዩም ጌጅ ተገጥሞ፣ ሁለቱም እኩል፣ በስምንተኛ ዙር እየተነኩ፣ ጌጁ ከፍ ያለውን ንባብ ሲሰጥ ይቆማል።

ብሎኖቹ ቢዞሩ ባይዞሩ ሞተሩ ግድ የማይሰጠው ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፣ ከፍታ ላይ ደግሞ በተለይ ይከሰታል። ስሱ አየር ሚኒሞውን እንዲይዝ የፍጥነት ብሎኑ ይጠብቃል፣ የጉሮሮው ክዳን ይከፈታል፣ ከክዳኑ በላይ የተደበቀው ቀጭን የመሸጋገሪያ ስንጥቅ ይገለጣል። ያኔ ቤንዚኑ በዚያ በኩል ስለሚፈስ የሚኒሞ ብሎኖቹ ሥልጣን የላቸውም። ካርቡራተሩን አንስቶ ገልብጦ ማየት ነው፤ የሚታየው የስንጥቁ ክፍል ቁመቱ ከወርዱ ከበለጠ ክዳኑ አለመጠን ተከፍቷል። መድኃኒቱ ከታች በኩል የምትገኘውን የኋላ ክዳኖች ማቆሚያ ብሎን ሩብ ዙር ያህል መክፈትና የፊቶቹን በዚያው ልክ መዝጋት ነው።

የኋላ ጉሮሮዎች

እነዚህ የሚከፈቱት በቫኪዩም ነው፣ መቼ እንደሚከፈቱ የምትወስነው ዲያፍራሙ ሥር ያለችው ሞላ ናት። ሞላዎቹ በቀለም ይለያሉ፦ ከለስላሳው ወደ ጠንካራው ነጭ፣ አጭሩ ቢጫ፣ ረጅሙ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀለም የሌለው፣ ቡናማ፣ ጥቁር። ስሱ አየር ዲያፍራሙን ለመሳብ አቅም ስለሚያንሰው ቀለም የሌለው ሞላ ካለ ወደ ሐምራዊ፣ ለ350 ሞተር ደግሞ ወደ ረጅሙ ቢጫ ይወረዳል። ነጩን የገጠመ ሰው ቤንዚን ሲረግጥ መኪናው ለቅጽበት ይታነቃል።

የኋላው በኩል ጄት የለውም፤ ቀዳዳ የተበሳበት ዝርግ ሳህን ነው ያለው፣ ብሎኖቹም የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ጭንቅላት አላቸው። ልዩ ካቻቢቴያቸው ካልተያዘ ጭንቅላታቸው ይበላል። ይህ የሆሊ 600 ትልቁ ድክመት ነው፤ ሳህኑን ለመለወጥ ሌላ ሳህን መግዛት ግድ ይላል። ደግነቱ የኋላዎቹ ከተማ ውስጥ እምብዛም ስለማይከፈቱ ብዙ ሰው እንዳለ ይተወዋል፣ ጉዳት የለውም።

ሙቀትና ቤንዚን

በ2,400 ሜትር ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ቤንዚንም እንዲሁ ቀድሞ ይተናል። ከቀትር በኋላ ለግማሽ ሰዓት ቆሞ እንደገና አልነሳ ያለ ቪ8 ብዙውን ጊዜ ባትሪው አልደከመም፤ ቋቱ ውስጥ የፈላው ቤንዚን ማኒፎልዱን አጥለቅልቆታል። በካርቡራተሩና በማኒፎልዱ መካከል የግማሽ ኢንች ፊኖሊክ (ሙቀት የማያስተላልፍ ፕላስቲክ) ሰሌዳ ማስገባት ይህን ያድናል። የአልሙኒየም ሰሌዳ ሙቀቱን ስለሚያስተላልፍ ጥቅም የለውም። ሰሌዳው ካርቡራተሩን ስለሚያነሳው ኮፈኑ ከአየር ፊልትሮው ጋር እንዳይጋጭ አስቀድመው ጭቃ ወይም ፕላስቲሊን አስቀምጠው ይለኩ። የማሰሪያ ዳዶዎቹ በመስቀል ተራ ከ7 እስከ 9 ኒውተን ሜትር ብቻ ይጥበቁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለበት ዘመን ነበረ፤ ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ የካርቡራተር ጎማ ሁሉ ሊጠረጠር ይገባዋል። የማፋጠኛ ፓምፑ ዲያፍራም አረንጓዴው ዓይነት ከሆነ ኢታኖልን ይችላል። ቡናማ፣ ቀላልና ስፖንጅ መሳይ ተንሳፋፊ ያለው አሮጌ ካርቡራተር ካገኙ ተንሳፋፊውን ይጣሉት፤ ቤንዚን እየመጠጠ ይከብዳል፣ ቋቱም ይሞላል። የነሐሱ ይሻላል።

ስለ ሊድ (እርሳስ) አልባ ቤንዚን አጭር ነገር፦ ጀነራል ሞተርስ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞተሮቹን ግፊት ያወረደው ሊድ የሌለበትን ቤንዚን እንዲችሉ ነው። የ1970 ሞተር ቫልቭ ማረፊያው ያልጠነከረ ከሆነ፣ ቴስታታው በሚወርድበት ጊዜ ጠንካራ ቀለበት ይግባበት፣ ለዚያ ብሎ ግን አይወርድ።

ታይሚንግ

ካርቡራተሩ ብቻውን ሥራውን አይጨርስም። ሲሊንደሩ የሚሞላው አየር ስላነሰ ግፊቱ ይወርዳል፣ እሳቱም ቀስ ይላል፤ ስለዚህ የመነሻ ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ወደ ፊት ይሄዳል። 10 ለ1 ወይም ከዚያ በላይ የሚጨምቅ የ1970 ሞተር እዚህ በማደያ ቤንዚን ሳያንኳኳ መሥራቱም ምክንያቱ ይኸው ነው። አዋሽ ሲወርድ ግን ያንኳኳል፣ ከመውረዱ በፊት ወደ ኋላ ይመለስ።

የዲስትሪቢዩተሩ የቫኪዩም ማስቀደሚያ ጣሳ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሙሉ ለመሳብ 14 ወይም 15 ኢንች የሚፈልግ ጣሳ፣ ሚኒሞው 11 በሆነ ሞተር ላይ ግማሹን እንኳ ላይሠራ ይችላል። በትንሽ ቁልፍ የሚስተካከለው ዓይነት ሲገዛ ይህ ይፈታል። የፍሬን ሰርቮውም በዚሁ ቫኪዩም ስለሚሠራ መርገጫው መጠጠሩ የግድ የሰርቮው ብልሽት አይደለም። የቫኪዩም ማጠራቀሚያ ታንክ ከማያስመልስ ቫልቭ ጋር መጨመር ይረዳዋል።

ከየት ምን ይገዛል

ሶማሌ ተራና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የቤንዚን ቱቦ፣ ፋሸታ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይታጣም። ናሙናውን ይዞ መሄድ ይሻላል፤ በቃል ከተነገረ የሚመጣው የቶዮታ ልክ ነው። የአሜሪካኑ 3/8 ኢንች ቱቦ 9.5 ሚሊሜትር ስለሆነ በ10 ሚሊሜትር ቱቦ ከጥሩ ፋሸታ ጋር ይሠራል፤ ቱቦው ላይ ለቤንዚን መሆኑ ይጻፍበት እንጂ የውሃ ቱቦ እሳት ያስነሳል። ጥርስ ያለው ነገር ላይ ግን መደራደር የለም። የ5/16 ኢንች ብሎንና የ8 ሚሊሜትር ብሎን በዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ጥርሳቸው ግን ይለያል፦ የአሜሪካኑ 1.41፣ የሌላው 1.25 ሚሊሜትር ነው። 8ቱን አልሙኒየም ማኒፎልድ ውስጥ የገፋ መካኒክ ጥርሱን ጨርሶታል።

ጄት፣ ፓወር ቫልቭና ሞላ ከውጭ ነው የሚመጡት። አንድ ጊዜ የሚያዝ ሰው ይህን ይያዝ፦ ከ61 እስከ 64 ያሉ ጄቶች ጥንድ ጥንድ፣ 4.5 እና 5.5 ፓወር ቫልቭ ሁለት ሁለት፣ ሙሉ የሞላ ኪት፣ ሰማያዊ ጓርኒሲዮን ሁለት ስብስብ፣ የማፋጠኛ ፓምፕ ዲያፍራም ሁለት፣ መርፌና መቀመጫው ሁለት፣ ፊኖሊክ ሰሌዳ ከረጃጅም ማሰሪያዎቹ ጋር፣ የቢራቢሮው ካቻቢቴ። ሁሉም አንድ የጫማ ካርቶን አይሞላም። ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሁለት ጊዜ ማዘዝ ከባድ ነውና በአንድ ዙር ይጨርሱ። ያገለገለ ካርቡራተር በሻንጣ የሚያመጣ ሰው ቤንዚኑን አጥርቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ይያዝ፤ የሚሸት ከሆነ አየር መንገድ አይቀበለውም።

ከሌሎቹ ጋር

ኤደልብሮክ 1406 ተመሳሳይ 600 ነው፣ ጥቅሙም ትልቅ ነው፦ መመጠኛ ዘንጎቹ ከላይ አንዲት ብሎን ተፈትታ፣ ቤንዚን ሳይፈስ፣ በአምስት ደቂቃ ይለወጣሉ። ከቤንዚኑ ከፍታ በታች ጓርኒሲዮን ስለሌለው አያልብም። ማስተካከል ለሚፈራና በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ ለሚወርድ ሰው እሱን እንመክራለን። ከ6.5 ፒ ኤስ አይ የበለጠ ግፊት ግን አይችልም። ሆሊን የምናስቀድመው ዳገት ላይ ሲረገጥ የኋላ ጉሮሮዎቹን በሞላ በትክክል መመጠን ስለሚቻል ነው።

የጀነራል ሞተርስ ኳድራጄት ያለው ሰው ወዲያው አይጣለው። የፊት ጉሮሮዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ቤንዚን ይቆጥባል። ሌሊት አድሮ ቋቱ ባዶ የሚሆነው ከታች ያሉት መድፈኛዎች ስለሚያልቡ ነው፣ በኢፖክሲ ይደፈናሉ። ሆሊን በኳድራጄት ማኒፎልድ ላይ መግጠም መሸጋገሪያ ሰሌዳ ይፈልጋል።

የክራይስለር ባለቤቶች ልብ ይበሉ፦ የቶርክፍላይት አውቶማቲክ ካምቢዮ ከካርቡራተሩ ጋር በዘንግ የተያያዘ ነው። ሆሊ ሲገጠም ለዚያ ዘንግ ተጨማሪ ማገናኛ ያስፈልጋል። ዘንጉ ሳይያያዝ የተነዳ ካምቢዮ ግፊቱ ዝቅ እንዳለ ቀርቶ ውስጡ ያሉትን ፍሪሲዮኖች ያቃጥላል፣ ያም ከካርቡራተሩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። 80457 ከሆነ ደግሞ የቾኩ ሽቦ ሙሉ 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ከኮይሉ አይሳብ፣ መከላከያ ረዚስተር ስላለበት ቾኩ ሳይከፈት ይቀራል።

መኪናው እውነተኛ ብርቅ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ካርቡራተር ላዩ ላይ ካለ፣ ፍቱትና አስቀምጡት እንጂ አትሽጡት። አሮጌ ሆሊዎች የአየር አፋቸው ላይ የዝርዝር ቁጥርና ሦስት ምልክት ያለው የተሠራበት ቀን አላቸው፦ መጀመሪያው የዓመቱ መጨረሻ አሃዝ፣ ሁለተኛው ወሩ፣ ሦስተኛው ሳምንቱ ነው። 025 ከሆነ የ1970 የካቲት (ፌብሩዋሪ) አምስተኛ ሳምንት ማለት ነው። ያ ቀን ከመኪናው መሠሪያ ቀን ትንሽ ቀድሞ ከሆነ የመኪናው ዋጋ አካል ነው። በአሸዋ መንፋት ወይም በሞረድ ማለስለስ ቁጥሩን ያጠፋዋል፣ አይደረግ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፈተናው ይህ ነው። አዳዲስ ካንዴላዎች ይግቡ፣ የቫኪዩም ጌጁ በረጅም ቱቦ ወደ ውስጥ ይግባ፣ እሁድ ማለዳ መንገዱ ባዶ ሲሆን ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት በ40 ኪሎሜትር አንድ ጊዜ ይወጣ። ጌጁ ከፓወር ቫልቩ ቁጥር በላይ ሆኖ መቆየት አለበት። ከላይ ሲደርሱ ሚኒሞ ላይ ሳያቆዩ ወዲያው ቁልፉን ያጥፉ፣ መኪናው ዳር ይያዝ፣ ሁለት ካንዴላ ይፈታ። ነጩ ሸክላ ላይ ጥቁር ጥላሸት ካለ አንድ ጄት ቁጥር ይውረድ፣ እንደ ኖራ ከነጣ አንድ ይውጣ፤ የቡና በወተት ቀለም ካለው ብሎኖቹን ዳግም አይንኩ።